እንግዶቹ ግድቡ ዳር ናቸው፣ ሣሩን ተዉላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከድሮ ጀምሮ ነው የማነበው፣ ስለ ወፍ ስትጽፉ ግን ሁሌ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ወፍ ሲነሳ የሚነሳው ባሌ ነው፣ አብያታ ሻላ ነው፣ ነጭ ሣር ነው፣ ሁሉም መታየት ያለባቸው ቦታዎች ናቸው ግን አንባቢው ወፍ ማለት መኪና ተከራይቶ ሆቴል ይዞ ትልቅ ካሜራ አንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ብቻ የሚያየው ነገር ይመስለዋል። እኔ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከሥራ ስወጣ ባጃጅ አልይዝም፣ በሐይቁ ግድብ በኩል ዞሬ በእግሬ ነው ቤቴ የምገባው፣ ከአሞራ ገደል እስከ ፍቅር ሐይቅ ያለውን መንገድ የሐዋሳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እየቆሙ እያዩ ቢሄዱ እንኳን ሰዓት አይሞላም። እዚች አጭር መንገድ ላይ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ድረስ ከሩሲያ ከስካንዲኔቪያ ከቱርክ የመጡ ፍጥረታት አጠገባችን ይበላሉ ያርፋሉ፣ እዛው ዳር ላይ ቡና የሚጠጣው ፎቶ የሚነሳው ሰው ግን ማን እንደመጣ አያውቅም፣ ስለማያውቅም ማረፊያቸው ሲታጨድና ሲቃጠል ምንም አይመስለውም። የጻፍኩላችሁ ለዚህ ነው።

መስከረም ሲጠባ ሁላችንም የመስቀል ወፍ እንላለን። የመስቀል ወፍ ግን ከየትም አይመጣም እኮ፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነው ያለው፣ ክረምት ላይ ወንዱ ደብዛዛ ላባውን ጥሎ አምሮ ስለሚወጣ ነው አሁን የመጣ የሚመስለን። በዛው ሰሞን በእውነት ከሩቅ የሚመጡት ሌሎች ናቸው፣ ለነሱ ግን የያዝንላቸው ቀጠሮ የለም።

እስቲ ከቢጫዋ ልጀምር፣ የሎው ዋግቴይል ከሚሏት። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም። ግድቡ ዳር ላሞች ሲግጡ ካያችሁ እግራቸው ስር ስር እየተሯሯጠች ከሣሩ የሚነሳውን ዝንብ የምትለቅም፣ ቆም ባለች ቁጥር ረጅም ጅራቷን ወደ ላይ ወደ ታች የምትወዘውዝ ትንሽ ወፍ ናት። ስትመጣ ብዙም አታምርም፣ ከመንገድ ደክማ ነው የምትመጣው፣ ላባዋ የደበዘዘ ቢጫና ቡናማ ነው። መጋቢት ላይ ግን ወንዶቹ ለመመለስ ሲዘጋጁ ላባ ቀይረው ቢጫቸው ይፈካል፣ ያኔ ራሳቸውን ብቻ አይቶ አገራቸውን መገመት ይቻላል፦ ራሱ ጥቁር የሆነው ከባልካንና ከቱርክ አካባቢ የሚመጣው ነው፣ ራሱ ጠቆር ያለ ግራጫ የሆነው ከስካንዲኔቪያና ከሰሜን ሩሲያ፣ ሰማያዊ ቢጤ የሆነው ከመካከለኛው አውሮፓ። የተለያየ አገር ወፎች አንድ ላም ስር አብረው ሲበሉ ማየት እኔን በጣም ነው ደስ የሚለኝ፣ ሰው ሲያልፍ ቆም ብሎ እንዲያይ እጠራለሁ፣ አንዳንዱ ይቆማል አንዳንዱ ቸኩሎ ያልፋል።

ውሃው ጠርዝ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ቂጧን ከፍ ዝቅ እያደረገች ብቻዋን የምትሄድ ቡናማ ነጭ ሆድ ወፍ አለች፣ ሳንድፓይፐር ናት፣ አጠገቧ ስትደርሱ ክንፏን አርገብግባ ውሃውን ልትነካ ምንም ሳይቀራት ዝቅ ብላ ትሄዳለች። ከውሃው በላይ ነጭና ግራጫ ሆነው ሳያርፉ ዞር ዞር እያሉ ከላዩ ላይ ነፍሳት የሚለቅሙት ተርኖች አሉ። ፊላው ውስጥ ሳትታይ ቀኑን ሙሉ የምትጮህ ሴጅ ዋርብለር የሚሏት አለች፣ 11 እና 12 ግራም ናት ግን ሰሃራን ከማቋረጧ በፊት በልታ በልታ ክብደቷን ወደ እጥፍ ታደርሰዋለች፣ ሁሉም የሚሆነው ከነፍሳት ነው። ሾላውና ግራሩ ላይ ደግሞ ዊሎው ዋርብለር አለች፣ አረንጓዴ ቢጤ፣ 10 ግራም የማትሞላ፣ ከሩሲያ ምሥራቅ ጫፍ የሚነሱት ዘመዶቿ ወደ አፍሪካ ለመድረስ ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይበራሉ። ንብ በል የምንላቸው ባለ ብዙ ቀለሞቹ ደግሞ ከሚታዩት በላይ ይሰማሉ፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ከላይ ሲያልፉ ድምፃቸው ሰማዩን ይሞላዋል፣ አንዱ ግራር ላይ ካረፈ ደግሞ የያዛትን ንብ ቅርንጫፉ ላይ እየመታና እያሸ መርዟን አስወጥቶ ሲውጣት ማየት ይቻላል።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያው ጋ ሁሉም ሰው የሚያየው አባ ኮዳን ነው፣ ትልቅ ስለሆነ ሰው ስለማይፈራ ፎቶ የሚነሳው እሱ ነው። አባ ኮዳ የኛው ነው። ከሱ በላይ የሚዞረውን ጭልፊት ግን ቀና ብላችሁ እዩት፣ ምንቃሩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ የአፍሪካው ነው፣ ምንቃሩ ጥቁር ከሆነ ግን የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽቶ የመጣው ነው፣ ሁለቱ አብረው የዓሣ አንጀት ሲቀማሙ ይውላሉ።

እንዴት ነው የሚመጡት ለሚለው፣ ትንንሾቹ አብዛኞቹ በሌሊት ነው የሚበሩት፣ በከዋክብትና በመሬት ማግኔት አቅጣጫቸውን ይለያሉ። እኛ ሐዋሳ ሰዎች ይሄን መረዳት ሊከብደን አይገባም፣ የሲዳማ አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው አይደል እንዴ የፊቼ ጨምበላላን ቀን የሚያውቁት፣ ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የመዘገበው በዓል ነው፣ በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ደግሞ ከዚሁ ሐይቅ አጠገብ ነው። ትልልቆቹ ንስርና ሽመላ በቀን ነው የሚሄዱት፣ ከመሬት የሚነሳውን ሙቅ አየር ይዘው ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ይወጣሉ ከዛ ይንሸራተታሉ፣ ባህር ላይ ሙቅ አየር ስለማያገኙ ጠባቡን ቦታ መርጠው ነው የሚሻገሩት፣ ከየመን ወደ ጅቡቲ በባብ ኤል መንደብ። እዛ በ1987 እ.ኤ.አ. መኸር ላይ የቆጠሩ ሰዎች ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፍ ቆጥረዋል። ከዛ በኋላ የሚቀጥለው መንገድ የኛ ስምጥ ሸለቆ ነው። በዚህ የስምጥ ሸለቆና ቀይ ባህር መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ትልልቅ ወፎች ያልፋሉ። ከነሱ አንዱ ስቴፕ ኢግል የሚባለው ንስር ነው፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል፣ እኛ ጋ ደግሞ እርሻ ላይ ቁጭ ብሎ ምስጥና አይጥ ሲበላ ይታያል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ፣ ነፍሳቱ። ወፍ ለማየት የሚወጣ ሰው እንኳን ከእግሩ ስር የሚነሳውን አያይም። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ግድቡ ላይ በሰው ከፍታ ወዲህ ወዲያ እያሉ የማያርፉ ወርቃማ ቢጫ ድራጎንፍላዮች ታያላችሁ፣ ክንፋቸው ተዘርግቶ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ልጆች እያባረሩ የሚይዟቸው። ይቺ ነፍሳት በዓለም ላይ ረጅም ከሚጓዙት አንዷ ናት። ማልዲቭስ ላይ ይኖር የነበረ ቻርልስ አንደርሰን የሚባል የባህር ባዮሎጂስት በየዓመቱ ጥቅምት ላይ በብዛት ሲመጡ እያየ፣ እነዛ ደሴቶች ላይ የሚራቡበት ውሃ የለም ማለት ይቻላል፣ ታዲያ ከየት ነው የሚመጡት ብሎ ሲመዘግብ ቆይቶ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነገር ሰውን አስገርሟል፦ ከህንድ ተነስተው ዝናብ የሚያመጣውን ነፋስ ተከትለው ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ውቅያኖስ አቋርጠው ምሥራቅ አፍሪካ ይገባሉ የሚል። የመጣችው ራሷ አትመለስም፣ እናት ትመጣለች ዝናብ ባቆረው ውሃ ትወልዳለች፣ የልጅ ልጆቿ ናቸው የሚመለሱት። አሙር ፋልከን የሚባለው ትንሽ ጭልፊት ቢጤ ደግሞ ከሳይቤሪያና ከቻይና ተነስቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ይሄንኑ ውቅያኖስ በዛው ወራት ነው የሚያቋርጠው፣ መንገድ ላይ ስንቁ እነዚሁ ድራጎንፍላዮች እንደሆኑ ይታሰባል። ወፉም ነፍሳቱም አንድ ነፋስ ላይ ነው ያሉት ማለት ነው። እኔ ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ግድቡ ላይ ቢጫዋን ድራጎንፍላይ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ቢራቢሮዋም እንደዛው ናት። ፔንትድ ሌዲ የሚሏት፣ ብርቱካናማ ሆና ክንፏ ጫፍ ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያላት፣ ግድቡ ዳር ኮሸሽላው አበባ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ የምትገኝ። አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን መኸር ላይ ሲያጧት በቃ በብርድ ሞተች ብለው ነበር፣ በኋላ እንግሊዝ አገር በራዳር ሲያዩ ለካ በአማካይ ከ500 ሜትር በላይ ወጥታ ነፋስ ይዛ ወደ ደቡብ ነው የምትሄደው፣ በዓይን አትታይም። ሰሃራን አቋርጣ እስከ እኛ ድረስ ትመጣለች፣ በትውልድ ቅብብል አንድ ዙር ሲሞላ ወደ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደቡብ አሜሪካ ፈረንሳይ ጉያና ባህር ዳር ላይ ደክመው የተገኙ ነበሩ፣ ሰውነታቸው ላይ ያለውን የአበባ ብናኝና ዘራቸውን መርምረው ከምዕራብ አፍሪካ ወደ 4,200 ኪሎ ሜትር አትላንቲክን አቋርጠው እንደመጡ በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይሄኛውን በትውልድ ቅብብል ሳይሆን እያንዳንዷ ቢራቢሮ ራሷ ናት ያደረገችው። እና ልጆቿን የምታሳድገው በምን መሰላችሁ፣ በኮሸሽላና በመሰል እሾሃም አረም ቅጠል ነው፣ እኛ ቆሻሻ ነው ብለን በምናቃጥለው።

ስደተኛ ነፍሳት ሁሉ ጥሩ ናቸው እያልኩ አይደለም። የበረሃ አንበጣ በ2019 እና 2020 እ.ኤ.አ. ምን እንዳደረገን ሁላችንም እናውቃለን፣ በ25 ዓመት ያልታየ ነበር የተባለው፣ ተምችም የእሳት እራቷ በነፋስ ተጉዛ ነው ዝናብ ጋ የምትደርሰው፣ ገበሬ አንድ ጠዋት ሲነሳ ማሳው ተበልቶ የሚያገኘው ለዛ ነው። ግን እነዚህን የሚበላልን ማን ነው? ነጭ ሽመላ ነው፣ በዝናብ ወራት ከደቡብ አፍሪካ በኩል መጥቶ መንደር ውስጥ ዛፍ ላይ የሚወልደው ጥቁሩ ሽመላ ነው፣ ንስሩ ነው፣ ጭልፊቱ ነው። አንበጣና ተምች ሲመጣ መንግሥት መድኃኒት ከመርጨቱ በፊት እነሱ ማሳው ላይ ናቸው፣ ደመወዝም አይጠይቁም።

አሁን ያስከፋኝን ልናገር። የግድቡን የውሃ ዳር ማስዋብ በሚል ፊላውና ረጅሙ ሣር እየታጨደ ጭራሽም እየተቃጠለ ነው፣ አንዳንዴ መስከረምና ጥቅምት ላይ እንግዶቹ በደረሱበት ሳምንት፣ አንዳንዴ ደግሞ መጋቢት ላይ ለመንገድ ስንቅ በሚይዙበት ጊዜ። ማን እንዳዘዘ ለመጥቀስ አይደለም የምጽፈው፣ የሚያጭዱት ልጆችም የተነገራቸውን ነው የሚሠሩት፣ ጠይቄያቸው ‹‹እማማ እባብ ይገባበታል፣ ትንኝ ይራባበታል ተብለን ነው›› ነው ያሉኝ። በምትኩ አጭር የሚታጨድ የጌጥ ሣር ይተከላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይከረከማል፣ ፎቶ ላይ ያምራል። እዛ ሣር ላይ ግን ቢጫዋን ወፍ አይቼ አላውቅም፣ የሚነሳ ዝንብ የለውማ። ያ የተጨማደደ አረም ያለበት ጠርዝ ለነዚህ መንገደኞች ማደያ ነው፣ ማደያ ከተዘጋ ቀጣዩ የት እንደሆነ የማያውቅ መንገደኛ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ከዚህ በስተሰሜን ደግሞ የሚጠብቃቸው አፋርና ሰሃራ ነው። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አማራጩ እየጠበበ ነው፣ ከከተማው በስተምሥራቅ የነበረችው ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበረች፣ አሁን ደለል ሞልቷት ረግረግ ሆናለች፣ ረግረጉም በየጊዜው እየተገፋ ነው።

የትንኙን ነገር ዝም ብዬ አላልፈውም፣ ምክንያቱም እውነተኛ ስጋት ነው፣ እኛ ቤትም ወባ የታመመ ልጅ አለ። አገራችን ላይ ወባ በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትባለው ናት፣ እሷ ደግሞ የምትወደው ትንሽ፣ ፀሐይ የሚመታው፣ ጊዜያዊ ውሃ ነው፦ የከብት ኮቴ፣ አፈር ተቆፍሮ የወጣበት ጉድጓድ፣ የመኪና ጎማ መንገድ ላይ የተወው። ዓሣና የነፍሳት እጭ ያለበት ጥቅጥቅ ያለ ፊላ ለሷ አይመቻትም፣ እጯን የሚበሉባት እዛ ናቸው፣ የድራጎንፍላይ እጭ ራሱ ውሃ ውስጥ የትንኝ እጭ አዳኝ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው ከእስያ የመጣችው ስቴፈንሳይ የምትባለዋ ደግሞ በርሜልና የውሃ ታንከር ውስጥ ነው የምትራባው። ስለዚህ ወባን ለመዋጋት ከሆነ ጉድጓዱን እንድፈን፣ በርሜሉን እንክደን፣ አጎበር እንጠቀም፣ ፊላውን መጨፍጨፍ የዋናዋን የወባ ትንኝ መራቢያ አይነካም፣ ትንኝ የሚበላልንን ነው የሚያባርረው። እባቡን በተመለከተ መሄጃውን መንገድ ዳርና ዳር ጥርት አድርጎ ማጨድ ይበቃል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከመንገዱ እስከ ውሃው ያለውን ጠርዝ በሙሉ አትንኩ አልልም፣ ዘንድሮ ግማሹ ይታጨድ፣ ግማሹ ይቆይ፣ ሌላ ዓመት ይቀያየር፣ መስከረምና ጥቅምት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን ማጭድም እሳትም አይግባ። ፌስታልና የተበጣጠሰ የዓሣ መረብ ዳር ላይ የሚጥሉም ያንሱልን፣ ቀጭኗ ናይለን መረብ ወፍ እግር ላይ ከተጠመጠመች አትለቅም፣ ሳንድፓይፐር በአንድ እግሯ ስታነክስ አይቻለሁ። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ያየ ሰው ደግሞ ከመቆጣት ይልቅ ያቺ ወፍ ከየት እንደመጣች ይንገረው፣ እኔ እንደሞከርኩት ልጆች ይሄን ሲሰሙ ራሳቸው ጠባቂ ነው የሚሆኑት፣ ቀጥሎ የሚጠይቁት ሳይቤሪያ በየት በኩል እንደሆነች ነው።

ከናንተ ከጋዜጠኞቹ ደግሞ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። የአየር ሁኔታና የምንዛሪ ዋጋ የምታወጡበት ገጽ ላይ በመስከረምና በመጋቢት አንድ ጠባብ ዓምድ ስጡን፣ ‹‹ማን መጣ፣ ማን ሄደ›› የሚል፣ አንባቢ የመጀመሪያዋን ቢጫ ወፍ ወይ የመጀመሪያዎቹን ንብ በሎች ያየበትን ቀንና ቦታ የሚልክበት። የዓለም የፍልሰት ወፎች ቀን በፈረንጆቹ ሜይና ኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜ ነው የሚከበረው፣ የ2024ቱ መሪ ሐሳብ ራሱ ስለ ነፍሳት ነበር፣ ነፍሳት ካልተጠበቁ ወፍ አይኖርም የሚል፣ ያን ቀን ቢያንስ አንድ ገጽ ብትሰጡት። ጥር ላይ ደግሞ የውሃ ወፍ ቆጠራ አለ፣ በብዙ አገር በአንድ ሰሞን የሚካሄድ፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እዚህ አገር ላይ ሲሠራበት የቆየ ነው፣ ማኅበሩ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው ግን ስንቱ አንባቢ ስሙን ሰምቶታል? መሣሪያ ለሚጠይቁኝ፣ ባይኖክላር ካለ ጥሩ ነው ከሌለ በዓይንም ይጀመራል፣ ስልክ ላይ ሜርሊን የሚባል ነፃ አፕ አለ፣ ፎቶ ወይ ድምፅ ስትሰጡት የወፉን ስም ይገምታል፣ አንዳንዴ ይሳሳታል ግን ለጀማሪ ይረዳል።

ከሰሜን ስለሚመጡ ባህር ዳርና ጎንደር ከኛ ቀድሞ ሊያዩዋቸው ይችላሉ። የጣና ዳር አንባቢዎቻችሁ ቢጫዋን መጀመሪያ ያዩበትን ቀን ቢልኩላችሁ፣ የዝዋይና የአርባ ምንጭም ቢጨመርበት፣ እኔ የሐዋሳውን እልካለሁ፣ ቀኖቹን አንድ ላይ ደርድራችሁ አውጡልን።

አክባሪያችሁ፣
ከሐዋሳ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ